ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፋይል ግን አይቀበልም
የቢሮው ሰርቨር ላይ ያለው ፎልደር ይከፈታል፤ ፋይሉም ይነበባል። ኮፒ አድርገው ፔስት ሲሉ ግን ዊንዶውስ ፈቃድ የለዎትም ይላል። ነገሩ በሩ ሁለት ስለሆነ ነው። አንዱ የሼሪንግ (ፎልደሩን በኔትወርክ የማጋራት) ፈቃድ ነው፤ በኔትወርክ የሚመጣውን ብቻ ይፈትሻል። ሌላው የኤንቲኤፍኤስ (ዊንዶውስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅበት ሥርዓት) ፈቃድ ነው፤ እሱ ሰርቨሩ ፊት የተቀመጠውንም አይምርም። በኔትወርክ ሲመጡ ሁለቱንም ማለፍ ግድ ነው፤ የሚጸናውም ጠበቅ ያለው ነው። የኤንቲኤፍኤሱ ፈቃድ በሚሰጥበት ሴኩሪቲ የሚለው ገጽ ላይ ሙሉ ፈቃድ ቢሰጥዎትም፣ ሼሪንጉ ማንበብ ብቻ ካለ መጻፍ አይችሉም። እኔ መጀመሪያ የማየው ሼሪንጉን ነው፤ ፎልደሩ አድቫንስድ ሼሪንግ በሚለው በኩል ተጋርቶ ፈቃዱ ካልተነካ ለሁሉም የሚሰጠው ማንበብ ብቻ ነዋ! አስተዳዳሪው አሁን ፈቃድ ያለው ግሩፕ (የተጠቃሚዎች ቡድን) ውስጥ አስገብቶዎት ከሆነ ደግሞ ሎግ አውት ብለው እንደገና ይግቡ። አለበለዚያ አዲሱ ፈቃድ አይሠራልዎትም።