ስለ ደቻቱ ጎርፍና ስለ ከተማ አስተዳደር ድርሻ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ ተደጋግመው የሚነሱ አባባሎች አሉ። ሰው በእነሱ ተማምኖ ስለሚቀመጥ ያሳስቡኛል።

«ይሄ የፌዴራል ሥራ ነው፤ ቀበሌ ምን አገባው?»

ፌዴራል መንግሥት ዕቅድ ያወጣል። ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር የመላመድ አገር አቀፍ ዕቅድ በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል። ግን ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ዳር ቤት ይሠራ አይሠራ ብሎ የሚወስነው፣ ቱቦ የሚያስጠርገው፣ ቆሻሻ የሚያስነሳው ማነው? የከተማው አስተዳደር ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 52 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት የማስተዳደሩን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። አዋጅ ቁጥር 295/1995 ደግሞ ክልሎች የየራሳቸውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲያቋቁሙ ያዛል። ድሬዳዋ ክልል አይደለችም፤ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። የዕለት ተዕለቱ ሥራ ግን በቻርተሯ የሚተዳደረው አስተዳደሯ ነው የሚሠራው።

«እዚህ ካልዘነበ ጎርፍ አይመጣም»

ሰው የሚያስገድለው ይሄኛው ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ውሃው የሚነሳው ግን ከከተማው ወደ ላይ፣ ከደንገጎ ዳገት በላይ ካሉት ደጋዎች ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደጋዎቹ ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። ዳገቱ ከተራቆተ ዝናቡ አይሰርግም፤ ጭቃና ድንጋይ ይዞ ቁልቁል ይንደረደራል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሰው በተኛበት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ሺዎችን ያለ ቤት አስቀረ።

እነዚያ ደጋዎች ያሉት ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። የድሬዳዋ ከንቲባ እዚያ እርከን የማሠራት ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ሁለቱ አስተዳደሮች ተስማምተው መሥራት አለባቸው፤ የላይኛው ካልተነካ የታችኛው ሥራ ግማሽ ነው። ሐረር ይህን በውሃ ጥም አይታዋለች። ለዓመታት የጠጣችው ኦሮሚያ ውስጥ ካለው ሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ ከድሬዳዋ በኩል የጉድጓድ ውሃ በቧንቧ ሽቅብ እንዲመጣላት ተደረገ። ሁለቱም ምንጮች ከክልሏ ወሰን ውጭ ናቸው።

«ግንቡ ተሠርቷል፤ ከእንግዲህ አንሰጋም»

ከ1998 በኋላ ወንዙ ዳር መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ጠቅሟልም። ሆኖም በ2012 ሚያዝያ ጎርፍ እንደገና የሰው ሕይወት ቀጥፏል። አሸዋ ሲሞላ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፣ ግንቡ እያጠረ ይሄዳል። ፌስታልና የግንባታ ፍርስራሽ ሲጨመርበት ይብሳል። ግንቡ የተሠራ ቀን ሥራው አላለቀም፤ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ወንዙ መጠረግ አለበት።

«ያለ ውጭ ገንዘብ ምንም አይሆንም»

ለግንብና ለጉድጓድ ብዙ ብር ያስፈልጋል፤ ልክ ነው። ደጋ ላይ ሲዘንብ ወደ ታች ስልክ ለመደወል ግን የውጭ ብድር አያስፈልግም። ክረምት ሳይገባ ቀበሌያችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፦ ሌሊት ላይ ከደጋ የሚደወልለት ሰው ማነው? እሱስ ወንዝ ዳር ያሉትን በምን ይቀሰቅሳቸዋል?