«ጥልፉ ሲያምር!» አትበሉ፤ ጥለት ነው

ባሕር ዳር ላይ የሽመና ሥራዎች ለእይታ በቀረቡ ቁጥር ከጎብኚ አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ጥልፉ ሲያምር!» የሚል አድናቆት ነው። የተደነቀውን ቀሚስ ግን ብዙ ጊዜ የጥልፍ መርፌ ጨርሶ አልነካውም። ጌጡ ጥለት ነው፤ የወጣውም ጨርቁ ሲሸመን፣ እዚያው የሽመና እቃው ላይ ነው። ጥለትን፣ ጥልፍንና ህትመትን (ጨርቁ ላይ የታተመ ንድፍን) መለየት ያልቻለ ሰው ሲገዛም ለህትመት የሽመና ዋጋ ይከፍላል፤ ከሸማኔ ጋር ሲሆን ግን በመቶ ብር ይከራከራል። የሚያንገበግበው ይህ ነው።

ሸማኔው ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚዘረጋውን ክር፣ ወጥሮ እግሩን ከእቃው ሥር ወዳለው ጉድጓድ አስገብቶ ይቀመጣል። መርገጫውን ሲረግጥ ግማሹ ድር ይነሳል፣ ግማሹ ይወርዳል፤ በተከፈተው መሃል መወርወሪያውን ያሾልክና ማጉን፣ ማለትም በአግድም የሚገባውን ክር፣ መትቶ ያጠጋል። ጥለት የሌለበት ሜዳው እንዲህ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይቀዘቅዛል፦ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ፣ የተወሰነውን እያነሳ የተወሰነውን እየዘለለ፣ ባለቀለሙን ክር ያስገባል። ከዚያ ነጩን ማግ ወርውሮ ይመታል። ለሚቀጥለው ረድፍ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። አንድ ድር ቢስት የጥለቱ መስቀል ይንሻፈፋል፤ ለማረም ደግሞ እስከዚያች ረድፍ ድረስ የሠራውን መፍታት አለበት። ጥልፍ ግን ተሸምኖ ያለቀ ጨርቅ ላይ በኋላ የሚጨመር ነው።

ለመለየት ጀርባውን ማየት ነው። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ጠርዙን ገልብጡት። ጥለት ከሆነ ባለቀለሙ ክር ከማጉ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ሰያፍ መስመሩም እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይወጣል፣ ምክንያቱም ክሩ ከድርና ከማግ መስመር ውጭ መሄጃ የለውም። የእጅ ጥልፍ ከሆነ ክሩ ወደፈለገው አቅጣጫ ይታጠፋል፤ ጀርባው ላይ ቋጠሮና ከአበባ ወደ አበባ የተሻገረ ክር ታያላችሁ። የማሽን ጥልፍ ጀርባው ብዙውን ጊዜ ወጥ ነጭ ክር ነው፤ ወረቀት የመሰለ ደረቅ ገበርም ሊኖረው ይችላል። ህትመት ደግሞ ጀርባው ይፈዛል። ከጠርዙ አንዲት ክር ብትመዙ ቀለሟ እዚህም እዚያም ተቆራርጦ ታገኙታላችሁ፤ በጥለት ውስጥ ያለች ክር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀለም ናት። ይህን ስንል ጥልፍን ለማሳነስ አይደለም፤ ጥሩ የእጅ ጥልፍ የራሱ ትልቅ ሙያ ነው። በስሙ ይጠራ ነው የምንለው።

ስለ ሽመና ሥራ የሚሰሙ ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎችም አሉ። «ጨርቁ መሃሉ ላይ ስፌት አለው፤ ከቁርጥራጭ የተቀጣጠለ ነው።» አይደለም። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚወረወር የጨርቁ ስፋት ከክንድ መድረሻ አያልፍም። ስለዚህ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ስፋቱ ይጨምራል። መታየት ያለበት ስፌቱ መኖሩ ሳይሆን የሁለቱ ቁራጮች ጥለት መጋጠሙ ነው። ግራው ከቀኙ አንድ ጣት ከፍ ካለ ሸማኔው ማጉን እኩል አልመታም፣ ወይም ልብስ ሰፊው ቸኩሏል።

«በእጅ ከተሸመነ ክሩም በሙሉ በእጅ የተፈተለ ነው።» ይህም ስህተት ነው። ዛሬ አብዛኛው ድር የፋብሪካ ክር ነው፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ባላት ባሕር ዳር ይህ ሊያስገርም አይገባም። ድር ተወጥሮ ይውላል፣ በየረገጣው ይፋተጋል፤ በእንዝርት የተፈተለው ክር ቀጭን ቦታው ላይ ይበጠሳል። ማግ ግን ያን ያህል አይወጠርም፤ የእጅ ፈትል ቦታው እዚያ ነው። እዚህም እዚያም የሚወፍረው ክር እንከን አይደለም። የጋቢ ሙቀት የሚመጣው ከዚያ ለስላሳ ማግና ከአራት ድርቡ ነው።

«ሸማኔ ሁሉ ዶርዜ ነው።» ዶርዜዎች በሙያው ስማቸው የገነነ ነው፤ ጎጃምና ጎንደርም ግን ከጥንት የራሳቸው ሸማኔዎች አሏቸው።

«ጥራቱን ለማወቅ መዳሰስ ግድ ነው።» ለእይታ የተሰቀለውን አትዳስሱ። የጣት ወዝ ነጭ ጥጥ ላይ ወዲያው አይታይም፤ ሲቆይ ግን ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ሻጩ ለመዳሰሻ የሚሆን ቁራጭ ካለው ጠይቁት።

ጣና ዳር ያለችው ዘጌ ድረስ ሄደው የኡራ ኪዳነ ምህረት ገዳምን የጎበኙ ሰዎችም «ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሳለ ነው» ሲሉ ይሰማል። የመቅደሱ ሥዕሎች ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ የተሳሉ ናቸው። ጠርዝ ጠርዙን ረጋ ብሎ ያየ ሰው ሽመናውን ይለያል። ጨርቅ ነውና በጣት መንካት ቀለሙን ያራግፋል።

የገዛችሁትን ስለመያዝ ደግሞ፦ «ጋቢን ብል ይበላዋል» ይባላል፤ ብል የሚወደው ሱፍና ሐር ነው። ጣና ዳር የጥጥ ጠላት ሻጋታ ነው፤ ለክረምት ብለው በፌስታል የሚቋጥሩት ሰዎች እርጥበቱን አብረው ይቋጥሩታል። በደንብ አድርቃችሁ በንጹህ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ በየወሩ አውጥታችሁ እጥፋቱን ቀይሩ። «በረኪና ያነጣዋል» የሚባለውም አያዋጣም፦ ጥጡን ያሳሳዋል፣ ጥለቱን ያነጣዋል። ከማጠባችሁ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ለአንድ ደቂቃ ተጫኑ፤ ቀለም ከነካው ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። የማይለቅ ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡ፤ አትጠምዝዙ፣ ለጥለት የሚውለው አንጸባራቂ ሳባ ክር ሲርስ ይደክማልና። ፎጣ ላይ ጠቅልላችሁ ተጫኑትና ጥላ ላይ ዘርጉት። ወርቀዘቦ ያለበትን በጋለ ካውያ አትንኩ፤ ብልጭልጩ ፕላስቲክ አለበት፣ ሙቀት ሲነካው ይኮማተራል፣ ጥለቱንም ይዞት ይሰበሰባል።