ከተቀያሪ ወንበር የተነሳው በረኛ፦ ስለ ኑኖ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብላችሁ ያ ጺማሙ ፖርቱጋላዊ አሰልጣኝ ኑኖ ኤስፒሪቶ ሳንቶ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል አንዱ «ባስ አቁሙ መጣ» ይላል (ቡድኑን በሙሉ ጎሉ ፊት ደርድሮ መከላከል ብቻ ነው የሚያውቀው ለማለት)፣ ሌላው «የሞሪንሆ ረዳት የነበረው»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሻምፒዮንስ ሊግ የበላ በረኛ እኮ ነው» ብሎ ይጨምራል። እኔም ከእነዚህ አንዱን ለዓመታት ስደጋግም ነበር። የትኛውን እንደሆነ አልናገርም።

«ሻምፒዮንስ ሊግ የበላ በረኛ ነው»

ሜዳሊያውስ አለው። ግን በፈረንጆቹ 2004 ጌልሰንኪርሸን ላይ የፖርቱጋሉ ፖርቶ ሞናኮን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ ኑኖ አንዲትም ደቂቃ አልተጫወተም። በረኛው ቪቶር ባያ ነበር። ባያን የመሰለ ሰው ፊትህ ካለ ያለህ ሥራ መጠበቅ ነው፤ ኑኖም የተጫዋችነት ዘመኑን ብዙውን ክፍል ሲጠብቅ ነው ያሳለፈው። የስፔኑ ዲፖርቲቮ ላኮሩኛ እያለም በውሰት ሜሪዳና ኦሳሱና ተልኳል። ለዩሮ 2008 በረኛው ኪም ሲጎዳ ተጠራ፣ ሄደ፣ ተቀመጠ፣ ተመለሰ። ለፖርቱጋል ዋናው ብሔራዊ ቡድን አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ጓንቱን ሰቀለ።

አንድ ቀን ግን መጠበቁ ሰመረለት። 2004 መጨረሻ ላይ፣ ዮኮሃማ፣ የኢንተርኮንቲኔንታል ዋንጫ፣ ፖርቶ ከኮሎምቢያው ኦንሴ ካልዳስ ጋር። 0 ለ 0 ናቸው። 87ኛው ደቂቃ ላይ ባያ ልቡን አሞት ወጣ። እስቲ አስቡት፣ ያን ሁሉ ሰዓት ቁጭ ብለህ ድንገት «ተነስ» ስትባል። ኑኖ ገባ፣ ጭማሪውን 30 ደቂቃ ጎል ሳይገባበት ጨረሰ፣ ከዚያ የመለያ ምት። ፖርቶ 8 ለ 7 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ጎልም አለው፣ ብትስቁም እውነት ነው። 2003 በፖርቱጋል ዋንጫ ፖርቶ ቫርዚምን 7 ለ 0 ሲረመርም የያኔው የፖርቶ አሰልጣኝ ሞሪንሆ ፍፁም ቅጣት ምት እንዲመታ ፈቀደለትና አገባ።

«የሞሪንሆ ረዳት ነበር»

አልነበረም። ተጫዋቹ ነበር፣ በቃ። የአሰልጣኝነት ሀሁን የቆጠረው ጄዙዋልዶ ፌሬይራ ጋር ነው። ማላጋና ፓናቲናይኮስ አብሮት ሄዶ በረኞችን ያሠለጥን ነበር። ከዚያ 2012 ላይ ሪዮ አቬ ዋና አሰልጣኝ አደረገው፤ ያንን ትንሽ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት የፖርቱጋል የዋንጫ ፍጻሜዎች ላይ አደረሰው። ሁለቱንም ቤንፊካ በላበት።

«ፖርቱጋል ነው የተወለደው»

አፍሪካ ውስጥ፣ ሳኦ ቶሜ ደሴት ላይ ነው፣ 1974። ደሴቶቹ ነፃ የወጡት በዓመቱ ስለሆነ ያኔ ገና በፖርቱጋል እጅ ነበሩ። ኤስፒሪቶ ሳንቶ የሚለው ስሙ ደግሞ ቃል በቃል «መንፈስ ቅዱስ» ማለት ነው፤ ኮሜንታተሮቻችን ሲያማርሩት ይህን ቢያስቡ ጥሩ ነበር።

«ሜንዴዝ ባይኖር ማንም አያውቀውም»

እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። ጆርጅ ሜንዴዝ፣ ያ የሮናልዶ ወኪል የነበረው፣ የመጀመሪያ ደንበኛው ኑኖ ነው። ጊማራይንሽ ውስጥ አንድ ናይት ክለብ ነው የተዋወቁት፤ 1996 ላይ ወደ ዲፖርቲቮ ያዘዋወረውም እሱ ነው። አሰልጣኝ ሆኖ የስፔኑ ቫሌንሺያም ሆነ የእንግሊዙ ዎልቭስ ሲገባ የሜንዴዝ ስልክ በሩን እንደከፈተ ማንም አይክድም። ግን በስልክ 99 ነጥብ አይሰበሰብም። ዎልቭስ በዚያ ነጥብ የእንግሊዝን ሁለተኛ ሊግ፣ ቻምፒዮንሺፑን፣ በልቶ 2018 ላይ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጣ፣ ከዚያ በተከታታይ ሁለት ዓመት 7ኛ ሆነ፣ 2020 ላይ ዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ደርሶ በሴቪያ 1 ለ 0 ተሸነፈ። በ88ኛው ደቂቃ! ዛሬም ያናድደኛል።

«ባስ ያቆማል»

ኳስ ለተጋጣሚው መስጠት አይፈራም፣ ልክ ነው። ባስ ማቆም ግን ሌላ ነው። ባስ የሚያቆም ቡድን ኳሱን ሲያገኝ የሚያደርገው አያውቅም፤ የኑኖ ኖቲንግሃም ፎረስት ኳሷን ሲነጥቅ ጊብስ-ዋይት፣ ኤላንጋና ሃድሰን-ኦዶይ ይሮጡ ነበር፣ ሳጥን ውስጥ ክሪስ ዉድ ይጠብቅ ነበር። ዉድ በ2024/25 በሊጉ 20 ጎል አገባ። ጥር 2025 ላይ ኑኖ 51 ዓመት በሞላበት ቀን በርንማውዝ 5 ለ 0 ቀጣው፤ የልደት ስጦታ ማለት ይሄ ነው። በሳምንቱ ያው ፎረስት ብራይተንን 7 ለ 0 አሸነፈ።

«ቶተንሃም ላይ አለቀለት»

እዚያ የቆየው አራት ወር ነው፤ ክለቡም ሌሎችን ሲያባብል ከርሞ ሳይሳካለት ነው የወሰደው። ያም ሆኖ በመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ ማንቸስተር ሲቲን በሶን ጎል 1 ለ 0 አሸንፎ የነሐሴ ወር ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ቀጥሎ ሳውዲ ሲሄድ «ጡረታ ወጣ» ተባለ፤ እሱ ግን አል ኢትሃድን ከ2009 ወዲህ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አሸከመው። ያውም ሮናልዶ አል ናስር በገባበት ዓመት።

«ፎረስት በውጤት ምክንያት አባረረው»

ይሄኛው የ2025 ነው። ፎረስትን ሲረከብ ቡድኑ 17ኛ ነበር፤ አራት ነጥብ ተቀንሶበትም አተረፈው፣ በቀጣዩ ዓመት 7ኛ አድርጎ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ አውሮፓ ውድድር መለሰው። ክለቡ በክረምቱ አዲስ የሦስት ዓመት ውል ሰጠው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ኑኖ ራሱ ጋዜጠኞች ፊት ከክለቡ ባለቤት ማሪናኪስ ጋር ያለው ግንኙነት እንደ ድሮው እንዳልሆነ ተናገረ። መስከረም ላይ ተሰናበተ። የመጨረሻው ጨዋታው በሜዳው በዌስትሃም 3 ለ 0 የተሸነፈበት ነበር። መስከረም ሳያልቅ ማን ቀጠረው? ዌስትሃም።