ሂስ ምንድን ነው? ቀማሽ ሌላ፣ ለቃሚ ሌላ

«ሂስ ካወቅኩ ወዲህ ፊልም አልጥም አለኝ» የሚል አቤቱታ በዛ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ አቤቱታውን ከነማስረጃው ይዞ መጣ። አንድ የአማርኛ ፊልም አይቶ ጉድለቱን ቆጠረ። ቡና ላይ ከተቀመጡት ሴቶች የአንዷ ስኒ ጎደለ፣ ሞላ፣ ደግሞ ጎደለ። የልጅቷ ሻሽ ጫፍ ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ ዞረ። ሰውየው ድሬዳዋ ከዚራ ላይ መኪና ውስጥ ገብቶ ዘፈኑ እንኳ ሳያልቅ ሐረር ጁገል በር ላይ ወረደ፤ አስተያየት ሰጪው «መሐል ላይ ያለው የደንገጎ ዳገት የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ይደመድማል፦ ሂስ ዓይን ይከፍታል፣ ደስታ ግን ይነሳል።

ወንድሜ፣ የሠራኸው ሥራ የራሱ ስም አለው። ሂስ ግን አይባልም።

ጥፋቱ ግማሹ የቃሉ ነው። ሂስ በብዙ ሰው ጆሮ የቀረው በደርግ ዘመን ስብሰባ ነው። «ሂስና ግለሂስ» ተብሎ ሰው ይነሣና የራሱንም የጓዱንም ጥፋት ይዘረዝራል፤ የተዘረዘረበት «ሂሱን ውጫለሁ» ብሎ ይቀመጣል። እስከ ዛሬ ሂስን የምንውጠው፣ እንደ መድኃኒት አፍንጫችንን ይዘን የምንውጠው፣ ከዚያ በመጣ ልማድ ነው። «እንግዲያው ግምገማ እንበለው» ቢባል እሱም በኢሕአዴግ ጊዜ ሌላ ስብሰባ ገብቶ ወጣ። «እገሌ ተገመገመ» ሲባል መልካም ጎኑ ተነሣለት ብሎ የሚያስብ የለም። ሁለቱም ቃል ከሳሽና ተከሳሽ ይዞብን ስለመጣ፣ ፊልም ሲከፈት ሳናውቀው ከከሳሹ ወንበር ላይ እንቀመጣለን።

በፊልም ሥራ ውስጥ ሂስ የሚጠይቀው እነዚህን ነው፦ ይህ ፊልም እኔን ምን ሊያደርገኝ ሞከረ? በየትኛው ዘዴ? ዘዴው ሠራለት ወይ? ስህተት የሚነሣው መጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው፤ ያውም ዘዴውን ካሰናከለው። ካላሰናከለው በአንድ መስመር ይታለፋል፣ አለዚያም ጨርሶ አይነሣም።

ድሬዳዋ ላይ በቡና መጋዘን ደጃፍ ያለፈ ሰው ለቃሚዎቹን ያውቃቸዋል። ጥሬው ቡና ፊታቸው ይፈሳል፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ ጠጠሩን በጣታቸው እየለዩ ያወጣሉ። ቀማሹ ያለው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሱ ፊት የሚቀርበው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ውሃ የፈሰሰበት ቡና ነው። ሁለቱም ለአንድ ጆንያ ይሠራሉ፣ የአንዱን ሥራ ግን ሌላው አይሠራለትም። በልዩ ጣዕም ቡና መስፈርት 350 ግራም ጥሬ ቡና ተቆጥሮ አንድ ሙሉ ጥቁር ፍሬ ከተገኘበት ከደረጃው ይወርዳል። ይህ የለቃሚ ጠረጴዛ ነው፤ ይከበራል። ነገር ግን አንድም ጥቁር ፍሬ ያልተገኘበት ቡና ተቆልቶ ሲቀመስ የሞቀ ውሃ ሊሆን ይችላል። ይህን ደግሞ ማንኪያ ካልነካው በስተቀር ማንም አያውቀውም። አስተያየት ሰጪያችን ሙሉ ቀን ጥሬ ሲለቅም ውሎ «ቡና አልጣመኝም» አለ። እንዴት ይጣመው? አልጠጣማ!

ወደ ስኒው እንመለስ፤ ምን እንደተፈጠረ ቢታወቅ ጥሩ ነው። ስክሪን ላይ ሁለት ደቂቃ የሚሆን የቡና ትዕይንት ለመቅረጽ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። አስቀድሞ ሁሉንም ሰው የሚያሳየው ሰፊ ሾት ይነሣል፣ ቀጥሎ የእያንዳንዱ ፊት በተራ፣ እያንዳንዱም አራት አምስት ጊዜ ይደገማል። በየድጋሚው ስኒው ይጠጣል፣ ይሞላል። ኮንቲኒዩቲ የያዘው፣ ማለትም ነገሮች ከሾት ሾት እንዳይለዋወጡ የሚጠብቀው ሰው፣ ፎቶ እያነሣና እየጻፈ «ስኒው ግማሽ፣ ሻሹ በግራ» ይላል፤ በትንሽ በጀት ደግሞ ይህ ሰው አይቀጠርም፣ ወይም ያው ሰው ክላፕ ይመታል፣ ምሳም ያመጣል። ከዚያ ነገሩ የተቀረጸውን መርጦ የሚቀጥለው ኤዲተር ጋ ይደርሳል። ሦስተኛው ድጋሚ ላይ ስኒው ልክ ነው፣ ተዋናይቱ ግን ደንዝዛለች። አምስተኛው ላይ ስኒው ጎድሏል፣ ነገር ግን ድምጿ ሊሰበር ሲል ራሷን ትይዛለች። ሥራውን የሚያውቅ ኤዲተር አምስተኛውን ይወስዳል፤ የሚወስደው ስኒውን ሳያየው ቀርቶ እንዳይመስላችሁ።

ታዋቂው ኤዲተር ዋልተር መርች አንድን ቆረጣ፣ ማለትም ከአንድ ሾት ወደ ሌላው መሻገሪያውን፣ የሚመዝንባቸው ስድስት ነጥቦች ከነክብደታቸው አሉት፦ ስሜት 51 በመቶ፣ ታሪክ 23፣ ምት 10፣ የተመልካቹ ዓይን ያረፈበት ቦታ 7፣ የስክሪኑ ጠፍጣፋ ገጽ 5፣ ሰዎቹ በእውነተኛው ቦታ ላይ ያላቸው አቀማመጥ 4። ስኒና ሻሽ የሚገቡት ከመጨረሻዋ 4 ውስጥ ነው፣ እሱም ቦታ ከተገኘላቸው። ቁጥሮቹን እንደ ሚዛን ድንጋይ ቆጥሮ ፊልም ላይ የሚደምር ሰው እንዳይነሣ እፈራለሁ፤ ነገርየው ቅደም ተከተል ነው፦ አንዱን መሠዋት ግድ ሲሆን ከታች ይጀመራል።

ለሃያሲው የሚጠቅመው ጥያቄ ከዚህ ይመጣል። ስኒው መጉደሉን በመጀመሪያው እይታህ ላይ ካየህ፣ የሴትዮዋ ፊት ለምን አልያዘህም? ምናልባት ትወናው ቀዝቅዟል። ምናልባት ሾቱ ሁለት ሰከንድ ረዝሞ ዓይንህ ሥራ ፈትቶ ረከቦቱ ላይ ወረደ። ምናልባት ንግግሩ ቀደም ብለን የምናውቀውን ደግሞ ይነግረናል። ሂስ የሚጻፈው ስለዚህ ነው። «ስኒው ጎደለ» ብሎ ማቆም ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ትኩሳት» ተብሎ ተጽፎ መመለስ ነው።

የደንገጎ ነገር ደግሞ ከስህተት ተራም አይገባም። ድሬዳዋና ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ዳገቱን ወጥቶ ለመድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ፊልሙ ያን አንድ ሰዓት እንዲያሳየን ነው የተፈለገው? መኪና ውስጥ ገባ፣ መንገድ፣ ወረደ። ይህ የጊዜ ዝላይ ይባላል፤ ተመልካቹ ክፍተቱን ራሱ ሞልቶ ያልፋል። አሁን ግን ፊልሙ ራሱ ከዚራ ላይ «ነዳጁ ደንገጎ እንኳ አያደርስም» ብሎን ቢሆንና ሰውየው ሳይቀዳ ጁገል በር ላይ ቢወርድ፣ ያኔ በእርግጥ የታሪክ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳ ማለት ፊልሙ ራሱ ያወጣውን ሕግ ሲያፈርስ ነው። ያልተነገረ ነገር ቀዳዳ አይባልም። ገጸ ባሕርዩ ሞኝ ውሳኔ ቢወስንም ቀዳዳ አይደለም፤ ሰው ይሞኛል። «እኔ ብሆን ፖሊስ እጠራ ነበር» የሚለው ክርክር ስለ ተናጋሪው እንጂ ስለ ፊልሙ አንዳች አይነግረንም።

ደግሞም ለቃሚው ራሱ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው የአሜሪካ ፊልም «ሲቲዝን ኬን» ላይ ሲባል የኖረ ነገር አለ፦ ባለጸጋው ሲሞት የመጨረሻ ቃሉን ብቻውን ሆኖ ተናገረ፣ ታዲያ ማን ሰማው? ታሪኩ በሙሉ በዚያች ቃል ላይ ስለቆመ ትልቅ ቀዳዳ ተብሎ ይጠቀሳል። ነገር ግን የቤቱ አሽከር ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ቃሉን እንደሰማ ለጋዜጠኛው ይናገራል። ብዙ «ቀዳዳ» ተመልካቹ ስልኩን ሲነካካ ያመለጠው ንግግር ሆኖ ይገኛል።

አሁን ከቡናው ምሳሌ አንድ ተጨማሪ ልጨምቅ፤ ሐረር ላይ ሆኖ ይህን መተው ይከብዳል። የሐረር ቡና ከነገለባው በፀሐይ ደርቆ የሚፈለፈል ነው፤ ገዢ የሚወድለት ያ የወይን ጠጅና የእንጆሪ የሚመስል ጣዕሙ ከዚህ አደራረቅ ይመጣል። ያው ጣዕም በታጠበ ቡና ላይ ቢገኝ ቀማሹ «ከልክ በላይ ብላልቷል» ብሎ ነጥብ ይቀንሳል። ጣዕሙ አንድ ነው፤ አንዱ ጋ ጉድለት፣ አንዱ ጋ ማንነት። ሆጃ ቀርቦለት «ይሄ ቡና ፍሬው የት አለ?» የሚል እንግዳም አለ፤ ሆጃ ከጥንቱ የቡና ገለባ በወተት ነው፣ ፍሬም አልተባለለትም።

በፊልምም እንዲሁ ነው። ካሜራው ሳይንቀሳቀስ፣ ማዕዘኑ ሳይቀየር መሐሉ ተቆርጦ ሰውየው ዘለል ሲል የሠርግ ቪዲዮ ላይ ስህተት ይባላል፤ ኤዲተሮች ካሜራው በሁለት ሾት መካከል ቢያንስ 30 ዲግሪ ይዙር የሚሉት ይህን ለመሸሽ ነው። ዳይሬክተሩ ጎዳር ግን እ.ኤ.አ. በ1960 «ብሬትለስ» በተባለው ፊልሙ ላይ ያንኑ የቆረጣ ዝላይ ሆን ብሎ ደጋግሞ ተጠቀመበት፣ የፊልሙ ትንፋሽም ሆነ። ቅርባችን ያለውን ብንወስድ፣ ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው «ፋያ ዳዪ» አለ። በጥቁርና ነጭ፣ በሐረርና በዙሪያው ገጠር የተቀረጸ፣ ስለ ጫትና በዙሪያው ስለሚኖሩ ሰዎች የሆነ፣ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ነው። «ምንም አይፈጠርም፣ ጭስና ጥላ ብቻ» ብሎ ያጣጣለው ሰው ሆጃ ውስጥ ፍሬ እየፈለገ ነው። ፊልሙ ሊያደርግ የሚሞክረው ጊዜ በምርቃና ውስጥ እንዴት እንደሚረዝም በሰውነት እንዲሰማን ነው። ይህ ተሳክቶለታል ወይ? አንዳንድ ቦታ ላይ አልተሳካም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ግን ክርክሩ እዚያ ሜዳ ላይ ይሁን።

ታዲያ ሂስ ደስታ ይነሳል ወይ? በሰዓቱ ካልመጣ ይነሳል። ቀማሽ ሥርዓት አለው፦ 8.25 ግራም ቡና፣ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 93 ዲግሪ ገደማ። ውሃው ከፈሰሰ በኋላ 4 ደቂቃ ያህል አይነካም፤ ከዚያ ላዩ ላይ የተጋገረውን በማንኪያ ሰብሮ ያሸታል፣ ትንሽ ሲበርድ ይቀምሳል፣ ይበልጥ ሲበርድ ደግሞ ይቀምሳል፤ ትኩስ ሳለ የተደበቀ እንከን ሲቀዘቅዝ ይወጣልና። በአንደኛው ደቂቃ ማንኪያ የከተተ ሰው ምላሱን ይቃጠላል እንጂ አይቀምስም።

ፊልም ላይ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ሲታይ ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ መጻፍ የለም፤ ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሲያልቅ ወዲያው ለሰው አይወራ፤ የመጀመሪያው የተናገሩት ዓረፍተ ነገር ምላስ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና ያንን ለመከላከል ሲባል ሌላው ሐሳብ ይሞታል። በማግስቱ ፊልሙን ሳይከፍቱ በአእምሮ የቀሩትን አምስት ምስሎች መጻፍ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ከአንድ ትዕይንት ከመጡ ፊልሙ የቆመበት ምሰሶ ያ ነው። ምንም ካልቀረ ይህም መልስ ነው። ሁለተኛው እይታ በብዕርና በደቂቃ ቁጥር ነው። አንዱን ትዕይንት ድምፁን አጥፍቶ ማየት፣ ያንኑ ደግሞ ምስሉን ሸፍኖ መስማት፤ ያለ ድምፅ ከቆመ ዳይሬክተሩ ሠርቷል፣ ያለ ሙዚቃው ከፈረሰ ሙዚቃው ተሸክሞት ነበር። ስኒና ሻሽ ለመልቀም የፈለገ ያኔ ይልቀም፤ ከጓደኛ ጋር ሲሆን ጥሩ ጨዋታ ነው፣ ካርታም እንጫወት የለ! መጀመሪያ እያዩ ሳለ ጎን ለጎን ሲለቅሙ ግን «አቦ ተወን!» የሚለው ወዳጅ እውነት አለው።

እዚህ ላይ የሚቀር ነገር አለ። ኤዲቲንግ ወይም ስክሪፕት መማር የጀመረ ሰው ለተወሰኑ ወራት ፊልም አይጥመውም፤ ቆረጣው ሁሉ ይታየዋል። ፊደል የቆጠረ ልጅ የሱቅ ጽሑፍ እየዘረዘረ ሲያነብ ሐሳቡ እንደሚያመልጠው ማለት ነው። ያልፋል። ዓይኑ ሲለምድ ቆረጣውንም ታሪኩንም አብሮ ያያል፣ ጥሩ ቆረጣ ሲያይም ከሌላው ሰው የበለጠ ይደሰታል። በርጫ ላይ ፊልም አይቶ የሚሰጥ ሂስም በማግስቱ ይታይ፤ ምርቃና ላይ ሁሉም ትዕይንት ምሥጢር አለው።

ከመፍረድ በፊት የሚታይ ነገርም አለ፣ ቴሌቪዥኑ። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸውን ፊልም መሐሉ ላይ የራሳቸውን ፍሬም እየጨመሩ ያለሰልሱታል፤ በዚህ ጊዜ ውድ ፊልም እንደ ስቱዲዮ ድራማ ይመስላል። «ቀረጻው ርካሽ ነው» የሚለው አስተያየት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይወለዳል። የምስል ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ እንቅስቃሴ ማለስለሻውን ማጥፋት ወይም የፊልም ሁነታን መምረጥ ነው። ከላይና ከታች ያለው ጥቁር መስመርም ጉድለት አይደለም፤ ምስሉ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ሰፊ ሆኖ ስለተቀረጸ ነው፣ ለማጥፋት ሲባል ከተለጠጠ ፊት ይረዝማል።

ትርጉም ፊልም ያየ ሰው ደግሞ ስለ ንግግሩና ስለ ተዋናዮቹ ድምፅ አይፍረድ። የሰማው ተራኪውን ነው። ስለ ምስሉ፣ ስለ ቆረጣው፣ ስለ ፊታቸው ያሻውን ይበል፤ ስለ ሙዚቃው እንኳ ተራኪው ሲናገር ስለሚቀንሱት ግማሹን ብቻ ነው የሰማው።