ስለ አዛውንቶችና ስለ ቪአር ስፖርት በስህተት የምናወራው

ደሴ አቀበትና ቁልቁለት ናት። ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ይወርዳል፣ መንገዱ ያንሸራትታል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከግቢው አይወጣም። እናቴም እንደዚያ ሆና ከረመች። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ የቪአር መነጽር ይዞላት መጣ። ዓይን ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ ሌላ ቦታ የገቡ ይመስላል፣ እጅ ሲያነሱ እዚያም እጅ ይነሳል። የስፖርት ጨዋታዎችም አሉት። ከዚያ ወዲህ ቡና ላይ ያልሰማሁት አስተያየት የለም።

«አዛውንትና ቴክኖሎጂ አይዋደዱም»

እኔም አምነው ነበር። እናቴ በመጀመሪያው ቀን «ተወኝ ልጄ፣ ይሄ የልጆች ነው» አለችና አወለቀችው። ቆይቼ ሳስበው ጥፋቱ የኛ ነበር። ምን እንደሚጠቅማት ሳንነግራት ጭንቅላቷ ላይ አሰርነው። ማሰሪያው ሻሿ ላይ እየተንሸራተተ አስቸገራት። እሷ የምታየውን እኛ አናይም፤ ስንስቅ ግን ትሰማለች።

ፍሬድ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳስቀመጠው ሰው አዲስ ቴክኖሎጂ የሚቀበለው ሁለት ነገር ሲያምን ነው፦ ይጠቅመኛል፣ አይከብደኝም። አዛውንትም ከዚህ አይወጣም። በሁለተኛው ቀን «ትከሻሽ እንዲፍታታ ነው፣ እንጀራ ስትጋግሪ እንዳያምሽ» አልኳት። ወንበር ላይ አስቀመጥናት። የምታየውን ደግሞ ስልክ ላይ አወጣነው። ፊኛ ማፈንዳት ስትጀምር ጎረቤታችን ሲኒያቸውን አስቀምጠው «አብሽሪ! በግራሽ ነው፣ በግራሽ!» ማለት ጀመሩ። እናቴ ያን ቀን አላወልቅም አለች።

«ያዞራል፣ ይጥላል»

ይሄ ግማሹ እውነት ነው። ዓይን «እየሄድኩ ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «ኧረ ቆሜያለሁ» ይላል፤ ማቅለሽለሹ ከዚህ ይመጣል። የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ሲወርዱ ስልክ ማንበብ የሚያቅለሸልሸውም እንደዚሁ ነው፣ ነገሩ ተገልብጦ። ስለዚህ የሚያስነዳና የሚያስበርር ጨዋታ ይቅር። ሰውየው ባለበት ሆኖ ነገሩ ወደሱ የሚመጣበት ይሻላል። በአምስት ደቂቃ ይጀመር፣ ካቅለሸለሸ ወዲያው ይውለቅ።

መውደቅን በቀላሉ አላየውም። መነጽሩን ያደረገ ሰው ክፍሉን አያይም። ወንበሩ የማይሽከረከር ይሁን፣ ምንጣፉ ይነሳ፣ አንድ ሰው አጠገብ ይቁም። እኛ ቤት መጀመሪያ የሚርቁት ረከቦቱና የከሰል ምድጃው ናቸው።

«ጨዋታ እንጂ ስፖርት አይደለም»

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሚዛንና ጥንካሬ የሚሠራ እንቅስቃሴም በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ። ትንፋሽ የሚያፈጥን ጨዋታ ከዚህ ይቆጠራል። ተቀምጦ እጅ ማወናጨፍ ብቻ ግን እግርን አያጠነክርም። እናቴ ጨዋታው ሲያልቅ ከወንበሯ አሥር ጊዜ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። ፀሐይ ከወጣ ደግሞ የእግር ጉዞው አይቀርም።

«የዓይን መነጽር ያለው አይችልም»

ብዙዎቹ የቪአር መነጽሮች ለዓይን መነጽር ቦታ አላቸው። የዓይን መነጽሩ የቪአሩን ሌንስ እንዳይጭረው መጠንቀቅ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ለሁሉም ይሆናል»

አይሆንም። የሚጥል በሽታ፣ የቆየ የማዞር ሕመም ወይም ልብ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ያለው ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጎረቤታችን የማዞር ሕመም ስላለባቸው አያደርጉትም። ስልኩን ይዘው ከእናቴ ጎን ይቀመጣሉ። ፊኛው በየት በኩል እንደሚመጣ የሚነግሯት እሳቸው ናቸው።