ትርፍ ሰዓት እንዴት ይሰላል?

ድሬዳዋ ውስጥ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ እህቶቻችን የደመወዝ ወረቀታቸውን ይዘው «ይህች ትርፍ ሰዓት የምትለው ቁጥር ከየት መጣች?» ብለው ደጋግመው ስለጠየቁ ስሌቱን አስረዳለሁ። ሸሚዝ አንገት ላይ «የሠራተኛ ክብር ተጠብቆ የተሰፋ» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር እኔም አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ግራ የሚያጋባው ከዚያ በላይ ለተሠራው የሚከፈለው እንደ ሰዓቱ መለያየቱ ነው፤ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ይባዛል።

ለምሳሌ የሰዓት ክፍያዋ 20 ብር የሆነ ሰፊ በሥራ ቀን ከምሽቱ 3 እስከ 5 ሰዓት በትርፍ ሰዓት ብትሠራ፣ የመጀመሪያው ሰዓት 30፣ ሁለተኛው 35 ብር ስለሚሆን የሚገባት 65 ብር ነው እንጂ 40 አይደለም።

ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ የውጭ ገዢ ትዕዛዝ ቢቸኩልም ጣሪያው ያው ነው። የእራትና የማታ መጓጓዣ ጉዳይ ግን እንደየድርጅቱ የኅብረት ስምምነት ይለያያል።