ግሮውዝ ፋክተር ምንድን ነው? ያስቀመጠው ጥጃ አንጀት እንዴት ያገግማል?

ግሮውዝ ፋክተር ሕዋስ እንዲከፋፈልና የተጎዳ ቦታ እንዲሸፍን የሚያዝ ፕሮቲን ነው። ከታወቁት አንዱ ኢጂኤፍ (ኤፒደርማል ግሮውዝ ፋክተር) ነው፤ ያገኘው ስታንሊ ኮኸን በ1986 እ.ኤ.አ. የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል። ሌላው አይጂኤፍ-1 (ኢንሱሊን መሰል ግሮውዝ ፋክተር) ሲሆን በእንገር ውስጥ ከተራው ወተት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይም ሰበታ ላይ ዲቃላ ላም ለሚያረባ ሰው ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ተቅማጥ የሚያመጣው ሮታ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ጥጃን የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ ፎጣ ጸጉር በቆሙ ጥቃቅን ዘንጎች የተሸፈነ ነው። ቫይረሱ ጫፎቻቸውን ያጠፋል። የወተት ስኳር የሚፈጨው እዚያው ስለሆነ ያልተፈጨው ስኳር ውሃ ስቦ ይወጣል። አዲስ ሕዋስ የሚወለደው ከሥር ካሉት ጉድጓዶች ነው፤ ቀስ እያለ ወደ ጫፍ ይወጣል። ግሮውዝ ፋክተሮች የሚያግዙት ይህን ነው። የከብት ኮሮና ቫይረስ ግን ጉድጓዶቹንም ስለሚጎዳ ማገገሙ ይዘገያል።

ትልቁ ስህተት «ወተቱ ነው ያስቀመጠው» ብሎ ጥጃውን ወተት መከልከል ነው። (ወተቱ ገበያ ስለሚወጣ ምክንያቱ ይጥማል።) የአንጀት ሕዋስ በከፊል የሚመገበው በውስጡ ከሚያልፈው ምግብ ነው፤ ከጾመ ዘንጎቹ ይብሱኑ ያጥራሉ። 40 ኪሎ ጥጃ በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ወተት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጠው። የጥጃ ኤሌክትሮላይት (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ደግሞ በመሃሉ ለብ ባለ ውሃ ተበጥብጦ በአንድ ጊዜ 2 ሊትር፣ በቀን ሁለቴ። ሶዳ (ባይካርቦኔት) ያለበት ዓይነት ወተቱ ሆድ ውስጥ እንዳይረጋ ስለሚከለክል ከወተቱ ጋር አይቀላቀል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይራራቁ።

ከሌላ ወላድ ላም የተረፈ እንገር ካለ ግማሽ ሊትር ያህሉን ለጥቂት ቀናት ከወተቱ ጋር ማጠጣት ይጠቅማል። እርግጥ ጥጃው ከተወለደ ከ24 ሰዓት በኋላ በእንገሩ ያለው በሽታ ተከላካይ ፀረ እንግዳ አካል ወደ ደም አይገባም፤ አንጀት ውስጥ ግን እሱም ግሮውዝ ፋክተሩም ይሠራሉ። እንገሩን እንደ ቤት ምግብ አታፍሉት። ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ፤ በረዶ የሆነውም ከ50 ዲግሪ በማያልፍ ውሃ ውስጥ ይቅለጥ።

አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካም። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም መቆም ካልቻለ በአፍ የሚሰጠው አይደርስለትም፤ በደም ሥር ግሉኮስና ሶዳ የሚሰጥ የእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን ይጠራ። እበቱ ቢጠጥርም ዘንጎቹ ገና አጭር ናቸውና የወተቱን መጠን በአንዴ አትጨምሩ።